ከቀዶ ጥገና በኋላ እጅን እንደ ገና ስለ ማሠራት

የእጅ አንጓ መሰበር በእኛ በእንጦጦ ራጉኤል ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ያዳልጣል፥ በጋ ሲሆን ደግሞ በመንገዱ ላይ የተነጠፈው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጭቃው ይብሳል። የቅዱስ ራጉኤል በዓል የሚውለው መስከረም 1 ቀን ስለ ሆነ፥ መሬቱ የክረምቱን ውሃ ገና ጠጥቶ ሳይጨርስ ብዙ ሕዝብ ተራራውን ይወጣል። ከጫካው እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶችና እኅቶችማ ዓመቱን ሙሉ በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ሳያስበው እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል። በዚህም ፊቱና ጭንቅላቱ ይተርፋሉ፤ የሰውነቱን ክብደት ግን መዳፉ ይቀበለዋል፥ ከመዳፉም ወደ አንጓው ይተላለፋል።

እኔም ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ተጠግኛለሁ። ስለ ስብራቱ የምናገረው ብዙ የለኝም። አጥንቱ ተሰበረ፥ ሐኪሞች በብረት ገጠሙት፥ እሱም ገጠመ። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ አጥንቱ በደንብ ድኖ እጁ ግን ሳይድን ሊቀር ይችላልና። ይህንን ነገር በሰፈራችን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ወረቀት ነው። ከሐኪም ቤት ስወጣ የእጅ እንቅስቃሴ ሥዕሎች ያሉበት ወረቀት ተሰጠኝ፤ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበረ። እኔ ተማሪ ስለ ሆንሁ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብሁት። ከእኔ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው እንደኔው አንጓቸው ተሰብሮ በቀዶ ጥገና የተጠገኑ አንዲት ጎረቤታችን ግን ያንኑ የመሰለ ወረቀት በአራት አጣጥፈው ከሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። እኒህ ሴት እንጨት ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ እኛ ልጆቹ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ወረቀቱን አውጥተው ሲያሳዩኝ ጣቶቻቸው በግማሽ ታጥፈው እንደ ቀሩ አየሁ፤ አይዘረጉም፥ አይጨበጡምም። አጥንቱ ግን በራጅ ሲታይ ደኅና መግጠሙን ነግረዋቸው ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፥ አስቀድሞ የእጅን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው እጅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ 27 አጥንቶች አሉት፤ 8ቱ ትንንሾች ሆነው በአንጓው ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፥ 5ቱ በመዳፍ ውስጥ ያሉ፥ 14ቱ የጣቶች ናቸው። ከእነዚህ በላይ ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ይገኛሉ፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ፥ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ይባላል። በእጅ ላይ ሲወደቅ አዘውትሮ የሚሰበረው የራዲየስ የታችኛው ጫፍ ነው። በ1814 እ.ኤ.አ. አብርሃም ኮልስ የሚባል የደብሊን ሐኪም ስለዚህ ስብራት አስተውሎ ስለ ጻፈ፥ እጁ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ዓይነት ስብራት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያ ዘመን ራጅ አልነበረም፤ ሐኪሙ የሚያውቀው በመዳሰስና በማየት ነው። ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ሮንትገን ሲሆን፥ ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች እጅግ የታወቀው የባለቤቱ እጅ ከነቀለበቷ የታየበት ነው። የተነሣውም በእኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ከአድዋ ድል ሁለት ወር ከምናምን ቀደም ብሎ ነው። የታሪክና የፊዚክስ መምህሮቻችን ይህን አንድነት ሲያስተምሩን አልሰማሁም፤ ስለዚህ እግረ መንገዴን ጠቅሼዋለሁ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች በጣቶቹ ውስጥ አይደሉም፤ በክንድ ላይ ናቸው። አንባቢ ሆይ፥ የግራ እጅህን በቀኝ ክንድህ ላይ ከክርንህ ዝቅ አድርገህ አኑርና የቀኝ ጣቶችህን አንቀሳቅስ፤ ሥጋው ከእጅህ በታች ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል። ከእነዚያ ጡንቻዎች እስከ ጣቶቹ የሚደርሱት ጅማቶች ናቸው። በመዳፍ በኩል 9 ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ በአንጓው ላይ ባለ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አብረው ያልፋሉ። ጅማት የሚሠራው እንደ ጕድጓድ ገመድ ነው፤ ካልተንሸራተተ ባልዲው አይወጣም።

ሌላም ሙከራ አለ። ክርንህን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ እጅህን ፈታ አድርግና አንጓህ ወደ ፊት ይውደቅ፤ ጣቶችህ በራሳቸው ይከፈታሉ። አንጓህን ወደ ኋላ ብታጥፈው ደግሞ ጣቶችህ በራሳቸው ይታጠፋሉ። አሁን አንጓህ ወደ ፊት እንደ ታጠፈ ሆኖ በኃይል ጨብጥ፤ ጡጫህ ደካማ እንደ ሆነ ታየዋለህ። ስለዚህ አንጓው ወደ ኋላ የማይታጠፍ ሰው ጣቶቹ ጤነኞች ቢሆኑ እንኳ አጥብቆ መያዝ አይችልም። እንጨት ለሚያስር፥ ልብስ ለሚጨምቅ፥ ሸማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ አጥንቱ ሲሰበርና ሐኪሙም ሊጠግነው ቈዳውን ሲከፍት እጁ ያብጣል። እብጠቱ ተራ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ቍስሉን የሚያጣብቅበት እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይኖርበታል። ይህ ሙጫ ቈዳን ከቈዳ ሲያገናኝ መድኃኒት ነው። ነገር ግን መርጦ አያጣብቅም፤ ጅማቱን ከአጠገቡ ካለው ሥጋ ጋር ካጣበቀው ጅማቱ መንሸራተቱን ይተዋል። የጣት መጋጠሚያዎችም ሳይንቀሳቀሱ በቈዩ ቍጥር የሚሸፍናቸው ነገር እየተኮማተረ ያጥራል። የቈዳ ሥራ ያየ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ቈዳ ከታጠበ በኋላ ካልለፋ እንደ ሳንቃ ደርቆ ይቀራል፥ የለፋ እንደ ሆነ ግን እንደ ልብ ይታጠፋል። እጅም እንደዚሁ ነው፤ የሚለፋውም ከመድረቁ በፊት ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ስለ ቤተ ሰብ ደግነት መናገር አለብኝ። በአገራችን በሽተኛን ማስታመም ትልቅ ምግባር ነው፥ እኔም በእውነት ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን አያቴ ጣቶቼን ባንቀሳቀስሁ ቍጥር «ተው ልጄ፥ ብረቱ ይወልቅብሃል!» እያለች ትጮኽ ነበር። እናቴም እንጀራውን እየቈረሰች ታጐርሰኛለች፥ ፊቴን ታጥብልኛለች፥ ቍልፌን ትቈልፍልኛለች፤ እኔ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ እውል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስሄድ ባለሙያዋ ይህንን ሁሉ ጠይቃ ሰማችና «እናትህ መልካም ሴት ናቸው፤ ግን እጅህን እያሰሯት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ጣትህ የሚችለውን ጣትህ ይሥራ» አለችኝ። እናቴ ይህን በነገርኋት ቀን ትንሽ ከፋት። በሁለተኛው ቀን ግን እንጀራውን ከፊቴ አኑራ ዘወር አለች፤ ያን ቀን አንድ ጉርሻ ለመጠቅለል የፈጀብኝን ጊዜ አልናገርም።

በእውነቱ እንጀራን በሦስት ጣት መቍረስ፥ ወጡን መጠቅለልና ወደ አፍ ማድረስ በሐኪም ከሚታዘዘው ልምምድ ግማሹን ያህል ይይዛል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር ይገናኛል፥ አንጓው ይታጠፋል፥ ክንዱም ይዞራል። ክብደት የለበትም፥ በቀንም ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ማንኪያ ከሚይዙ አገሮች ይልቅ እኛ በዚህ የታደልን ይመስለኛል።

ልምምዱ ራሱ እንደሚከተለው ነው። ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ መያዝ ይገባል፤ ሲተኙ በትራስ ላይ፥ ሲቀመጡም በጠረጴዛ ላይ። ይህ እብጠቱ እንዲወርድ ነው፤ እጅን በነጠላ አንገት ላይ አስሮ ቀኑን ሙሉ ማንጠልጠል ግን ትከሻንም ክርንንም ያደርቃል። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ ለእትዬ ሳስተምር ለየአንዳንዱ እንቅስቃሴ ስም ሰጥቼው ነበር። ጣቶቹ ሁሉ ቀጥ ሲሉ «ዘርጋ» ነው። ከመዳፉ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ቀጥ ብሎ የቀሩት ሲታጠፉ «መንጠቆ» ነው። ሁሉም ሲታጠፍ «ጡጫ» ነው። ከመዳፉ አጠገብ ያለው ብቻ ታጥፎ ጣቶቹ ቀጥ ሲሉ «ጠረጴዛ» ነው። የጣቶቹ ጫፍ ቀጥ እንዳሉ የመዳፉን ሥር ሲነኩ ደግሞ ስም ስላጣሁለት «አምስተኛው» አልነው። በእነዚህ አምስት ቅርጾች ጅማቶቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ በአጥንቱ ላይ እንዲንሸራተቱ ይገደዳሉ። በመጨረሻም አውራ ጣት የአራቱን ጣቶች ጫፍ በተራ ይነካል። እኔ የታዘዝሁት እያንዳንዱን 10 ጊዜ፥ በቀን 5 ጊዜ ነው።

አንጓውን ማንቀሳቀስ የሚጀመርበት ቀን ግን የሐኪሙ ነው። በብረትና በብሎን የተጠገነ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ክሩ ሲወጣ፥ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይጀመራል፤ በቀጭን ሽቦ ወይም በጄሶ ብቻ የተያዘ ከሆነ ስድስት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ያን ጊዜ አንጓው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እኔ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ክንዴን አስተኝቼ እጄን እያንጠለጠልሁ አደርገው ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ነው። ሰው ይህ እንቅስቃሴ እንዳለው የሚያውቀው ሲያጣው ይመስለኛል። ጠበል በመዳፍ ለመቀበል፥ ከባለ ሱቅ መልስ ለመቀበል፥ ፊትን ለመታጠብ፥ ታላቅ ሰው የሚሰጠውን ነገር በሁለት እጅ ለመቀበል መዳፍ ወደ ላይ መዞር አለበት። እኔ በመስከረም ወር ሁለት እጄን ስዘረጋ ግራው እንደ ሳሕን ተዘርግቶ ቀኙ በጎኑ ቆሞ ይቀር ነበር። ለዚህ የሚደረገው ክርንን ከጎን ጋር አጣብቆ (ያለዚያ ትከሻ ያታልላል) የወጥ ማማሰያ በጡጫ ቀጥ አድርጎ ይዞ በዝግታ ወደ አንድ ወገን፥ ቀጥሎም ወደ ሌላው ወገን ማዘንበል ነው። የማማሰያው ክብደት ራሱ ይስበዋል።

ቍስሉ ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ጠባሳውን በቫዝሊን ጫን እያሉ በክብ ማሸት ይጠቅማል፤ ጠባሳ ከሥሩ ካለው ጅማት ጋር እንዳይያያዝ ነው። ኃይል የሚጠይቅ ሥራ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ስፖንጅ መጭመቅ፥ ቀጥሎ ሊጥ ማሸት፥ ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ መጠምዘዝ። ባልዲ ማንሣትና እንጨት መሸከም ሐኪሙ በራጅ አይቶ ሳይፈቅድ አይሞከርም። ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ድረስ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ኃይሉ በሙሉ እስኪመለስ ግን ስድስት ወር፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ይፈጃል።

እጅ ከቀዶ ጥገና በኋላ በልምምድ እንደሚመለስ በአገራችን የታወቀው ትናንት አይደለም። አለርት የሚባለው ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ለአፍሪካ አገሮች ባለሙያ ለማሠልጠን ነበር። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጐዳ ጣቶች እንደ ጭልፊት ጥፍር ይታጠፋሉ። ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር በቬሎር ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጤነኛ ጅማት ከአንድ ቦታ አዛውሮ የተሽመደመዱ ጣቶችን የሚያንቀሳቅስበትን ቀዶ ጥገና አስፋፋ። ይህ ቀዶ ጥገና ልምምድ ከሌለው ከንቱ ነው፤ አንድ ሥራ የሚያውቀው ጡንቻ ሌላ ሥራ ሲሰጠው ባለቤቱ እንደ ሕፃን እንደ ገና ሊያስተምረው ይገባልና። እንዲህ ያለው ሕክምናና ልምምድ በአለርትም ለብዙ ዘመን ተሰጥቶበታል፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ሠራተኞችም በዚያ ሠልጥነዋል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ለእንጦጦ ሰው ደግሞ መንገዱም አለ። እትዬ አንድ ጊዜ ሄደው ሁለተኛ ያልተመለሱት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም ቤት መዋል ማለት የትራንስፖርት ወጪ ነው፥ በቤትም የሚሠራ ሰው የለም።

ስለ ወጌሻም ጥቂት ልበል፥ ሰፈራችን ውስጥ አጥንት ሲነሣ ወጌሻ ሳይነሣ አይቀርምና። ወለምታን በማሸት ያዳኑ ስመ ጥሩ ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም፤ አያቴ ስትመሰክር ለሰዓት ያህል ትናገራለች። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰርና እጁ በውስጡ ሲያብጥ ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ጣቶች ጠቍረው እጅ እስከ መቈረጥ ይደርሳል፥ በተለይም በሕፃናት ላይ። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ሐኪሞች ወጌሾቹን ከመንቀፍ ይልቅ ሰብስበው አጭር ትምህርት ሰጡአቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቈረጠው እጅና እግር ቀነሰ። ይህ አሠራር ከስድብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በቀዶ ጥገና የተጠገነ እጅን ግን ወጌሻ እንዲያሽ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ሕመምን በተመለከተ ባለሙያዋ የሰጠችኝ መለኪያ ቀላል ነበር። ሲለማመዱ የሚሰማ፥ ካቆሙም በኋላ ቶሎ የሚበርድ ሕመም የሥራው ዋጋ ነው፤ እስከ ማግሥቱ የሚቈይና እብጠት የሚጨምር ግን አበዛኸው ማለት ነው፥ ይቀነሳል እንጂ አይቋረጥም። ጣቶች ከቀዘቀዙ፥ ከጠቈሩ ወይም ከደነዘዙ፥ በጄሶው ውስጥ ያለው ሕመም ሰዓት በሰዓት እየባሰ ከሄደ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እንደዚሁም ሳምንታት ካለፉ በኋላ እጁ እንደ እሳት የሚያቃጥል፥ ቈዳው የሚያብረቀርቅ፥ ልብስ እንኳ ሲነካው የማይችል ከሆነ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ይህ በጊዜ ካልታከመ የሚከፋ ሌላ ሕመም ነው።

እኔ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ብዕር መያዝ ችዬ ነበር፥ ግን ግማሽ ገጽ ስጽፍ እጄ ይዝል ነበር። በኅዳር ወር ሙሉ የክፍል ማስታወሻ ጻፍሁ። አሁን መዳፌ ወደ ላይ ይዞራል፤ ከግራው ጋር ሳስተያየው ጥቂት ይጐድለዋል። በእንጦጦ ብርድ ጠዋት ጠዋት አንጓዬን ይጠዘጥዘኛል።

እትዬና እኔ ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ ከቡና በኋላ አብረን እንለማመድ ነበር፤ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መልሼ በትልልቁ ጽፌ ግድግዳቸው ላይ ለጠፍሁት። ማንበብ ባይችሉም ሥዕሉን ያዩታል፥ ልጃቸውም ታነብላቸዋለች። ስንጀምር የጣቶቻቸው ጫፍ ከመዳፋቸው ሁለት ጣት ያህል ይርቅ ነበር። በጥር ወር መዳፋቸውን ነኩ። ገመዱን ጠቅልለው መሳብ ችለዋል፥ ሸክሙን ግን ቀንሰዋል። አንጓቸው ወደ ኋላ መታጠፉ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ከመሬት ሲነሡ በመዳፋቸው ሳይሆን በጡጫቸው ተደግፈው ነው የሚነሡት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቢጀመር ኖሮ ይህም ሊመለስ ይችል እንደ ነበር ባለሙያዋ ነግራኛለች።

የክፍል ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ብረቱ መቼ እንደሚወጣ ነው። ካላስቸገረ አይወጣም፤ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ብረቱ ሥራ ባይኖረውም በዚያው ይኖራል። ጅማት እየፈተገ ሕመም ካመጣ ወይም ብሎን ከላላ ግን ሐኪሙ ያወጣዋል። የእኔ እስካሁን አላስቸገረኝም።